የሁሉም ሁለተኛ

አቶ ይርዳው ሰፈራቸውን ወክለው ለከተማው ምክር ቤት ሲወዳደሩ እንደሚያሸንፉ አልተጠራጠሩም። ቧንቧ ሲፈነዳ የሚጠሩት፣ የተጣላ ሲኖር የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። በአዲሱ ደንብ መራጩ ሦስቱን ዕጩዎች አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ያስቀምጣል፤ አንደኛ የሚለው ሰው ያነሰው ዕጩ አስቀድሞ ከውድድሩ ይወጣል።

አስቀድመው የወጡት አቶ ይርዳው ሆኑ። አንደኛ ያላቸው አንድም ሰው አልነበረም።

«እኔ እኮ ሁለተኛ ብዬዎታለሁ» አሉ አንዲት ጎረቤት። «የአጎቴ ልጅ ስለተወዳደረ ይሉኝታ ይዞኝ ነው።»

«እኔም ሁለተኛ ነው ያልኩዎት» አለ ሌላው።

ሰፈሩ በሙሉ ማለት ይቻላል ሁለተኛ ብሏቸዋል፤ እሳቸው ቀድመው ስለወጡ ግን ያንን የቆጠረላቸው የለም። አቶ ይርዳው ሳቃቸው መጣ።

አሸናፊዋ ወይዘሮ አመለወርቅ እጃቸውን ዘርግተው መጡ። «በአንድ ድምፅ ብልጫ ነው ያለፍኩት። ያንን ሰው ባውቀው ምሳ እጋብዘው ነበር። ግን ጋሼ፣ እርስዎ እንኳን ራስዎን አልመረጡም?»

«ራስን አንደኛ ማለት አያሳፍርም?» አሉ አቶ ይርዳው ኮታቸውን እያስተካከሉ። «ምሳው መቼ ነው?»