ሳንቲም ያለበት አስራት

ጂንካ ውስጥ አስራት በሞባይል መክፈል ከተለመደ ወዲህ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ያዥ አቶ ፍሥሐ ብር ከመቁጠር ተገላግለዋል። እሁድ እሁድ ስልካቸውን ማየት ብቻ ነው። የዚያን እሁድ ግን አዩ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ደግመው አዩ።

የገባው አስራት የአንድ መምህር የወራት ደመወዝ ያህላል። ከኋላው ደግሞ ሠላሳ አራት ሳንቲም ተንጠልጥላለች።

አቶ ፍሥሐ የገቢዎች ቢሮ ሰው ናቸው፤ ሳንቲም ታናግራቸዋለች። «ሰው ደስ ብሎት ሲሰጥ ሳንቲም አይመትርም» አሉ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሙሉሽ፣ ምሳ ላይ። «ይሄ ግብር ተቆርጦበት፣ ከተረፈው አንድ አሥረኛውን ያሰላ ሰው ነው። ይሄን ያህል ደመወዝ ደግሞ እዚህ ማንም የለውም፤ የኳስ ውርርድ ብር ነው! አወራራጅ ድርጅቶቹ ግብሩን ቆርጠው ነው ቀሪውን በስልክ የሚልኩት።»

«እንዲህ ተጠንቅቆ ያሰላ ሰውማ እግዚአብሔርን ይፈራል» አሉ ወይዘሮ ሙሉሽ፣ ሙዝ እየላጡ።

እግዚአብሔርን መፍራቱ አቶ ፍሥሐን አላጽናናቸውም። ባለፈው ወር ስለ ውርርድ ምእመኑን የገሠጹት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አስራት ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ጥያቄውን ወይዘሮ ሙሉሽ ቤት ውስጥ አንስተውባቸው «እጅ ከገባው ላይ ነው» ብለው መልሰው፣ መልሱ ስለጣማቸው ረቡዕ ለጉባኤው ደገሙት። ያን ቀን የፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አንገቱን ሲነቀንቅ የነበረው ዳርጌ ነው።

ዳርጌ ባጃጅ ነጂ ነው። ሽማግሌ ልኮ ልጃቸውን ኤልሳን ጠይቋል፤ ቀን መቁረጥ ብቻ ቀርቷል። ኳስ ሲነሳ ደግሞ ተሳፋሪ ማውረድ ይረሳል።

አቶ ፍሥሐ በማግስቱ ወደ ቤዚ ሱቅ ሄዱ። የአስራቱ ላኪ ተብላ የወጣችው የሞባይል ገንዘብ ወኪሏ ቤዚ ናት፤ ሰው ጥሬ ብር ሰጥቶ በስሟ አስልኳል ማለት ነው።

«የማን ነው ብሩ?»

«የደንበኛ ምስጢር አላወጣም፣ ጋሼ።»

«እኔ እኮ ሌላ ሰው አይደለሁም።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች ቤዚ፣ ሳቋን ይዛ። «ብሩ በዳርጌ ባጃጅ ነው የመጣው። ከዚህ በላይ ቢገድሉኝ አልናገርም።»

ከዚህ በላይ ምን ይነገራል? አቶ ፍሥሐ ቤታቸው ገብተው «ቁማርተኛ ልጄን አያገባም» አሉ። ኤልሳ አለቀሰች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ዳርጌ ወሬውን የሰማው ከተማው ሁሉ ከሰማ በኋላ ነው።

ወይዘሮ ሙሉሽ ግን ለልጁ ተከራከሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የሚሄዱት በሱ ባጃጅ ነው። «የአማች ጠባይ የሚታወቀው ባጃጅ ውስጥ ነው» አሉ። «ስለ ሥራው፣ ስለ ጤናው፣ ስለ ኳሱም ሳይቀር እጠይቀዋለሁ። አንድም ቀን አልዋሸኝም። አስጠርተህ ስማው እንጂ!»

ተጠራ። ዳርጌ ምስክር እንዲሆነው የባጃጅ ተራ አስከባሪውን ቦሼን ይዞ መጣ። ኤልሳ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማለች፤ ወይዘሮ ሙሉሽ ሻይ ያቀርባሉ።

«ትወራረዳለህ?» አሉ አቶ ፍሥሐ።

«ድሮ እወራረድ ነበር። ኤልሳን ካወቅሁ ወዲህ ትቻለሁ። አሁን በአፌ ብቻ ነው የምገምተው።»

«አስራቱስ?»

«ብርማ ቢኖረኝ ይሄን ጎማ እቀይር ነበር፣ ጋሼ።»

ቦሼ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ሊያሸንፍ አይችልም» አለ። «ዳርጌ ያሸንፋል ያለው ቡድን አሸንፎ አያውቅም። ማለዳ ሜዳ ላይ ሠፈር ከሠፈር ሲጫወት እንኳ፣ እባክህ እኛን አትደግፈን ብለው ሻይ ይጋብዙታል። ለሱ ውርርድ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ካላመኑኝ ተራው ላይ ያለውን ነጂ ሁሉ ይጠይቁ።»

አቶ ፍሥሐ የመሥሪያ ቤት ሰው ናቸው፤ አጣርተው ነው የሚያምኑት። ስልካቸውን አንስተው ለሦስት ነጂዎች ደወሉ። ሦስቱም ስቀው ያንኑ ነገሯቸው። አንደኛውማ ዳርጌ ሠርጉ ይሳካልኛል ብሎ እንዳይገምት አደራ አለ።

ዳርጌ በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም፤ እንዲህ ደስ ብሎትም አያውቅም። አቶ ፍሥሐ ስቀው ስቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። የሠርጉ ቀን እዚያው ተቆረጠ፤ መጋረጃው ጀርባም እልልታ ተሰማ።

«አስራቱን ግን ለማን እንመልስ?» አሉ በኋላ፣ እንደገና ከፍቷቸው።

«ስሙ ለማይታወቅ ሰው እንዴት ይመለሳል?» አሉ ወይዘሮ ሙሉሽ። «ይልቅ የመዘምራኑ ክፍል ጣሪያ ያፈሳል፤ ቆርቆሮ ግዙበት።»

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች መከሩና ቆርቆሮ ተገዛ።

ቅዳሜ ዳርጌ እንደ ልማዱ በር ላይ ጡሩንባ ነፋ። ወይዘሮ ሙሉሽ ዘንቢላቸውን ይዘው ከኋላ ተቀመጡ። መንገዱን ሁሉ መረቁት፤ ልጅ ውለዱ፣ ክበሩ አሉት። ዳርጌ ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ኋላ ዞር አለ።

«እትዬ፣ እርስዎ ባይኖሩ ኤልሳን አጥቻት ነበር። ውለታዎን በምን እንደምከፍል እንጃ።»

«ከፍለኸኛል፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ሙሉሽ። «ዛሬ ማንና ማን ናቸው?»

«ቀዮቹና ሰማያዊዎቹ።»

«ማን ያሸንፋል ትላለህ?»

«ቀዮቹ! ያለ ጥርጥር።»

ወይዘሮ ሙሉሽ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስልካቸውን ከጉያቸው አወጡ፣ የውርርዱን ገጽ ከፍተው ሰማያዊዎቹ ያሸንፋሉ የምትለዋን ነኩ።