የመታጠፊያው ብሎኖች

የእጅ ጽሑፌ ስለማያምር ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደልም እስታለሁ። ስምንተኛ ክፍልን እንደምንም ነው የጨረስኩት፤ እሱንም በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ። አማርኛ ያስተማረችኝ እማዬ ናት፣ ቤት ውስጥ። ሰው ፊት መናገር ግን ከመጻፍም ይብስብኛል።

አባቴ ባንታየሁ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ፓርክላንድስ የሚባል ሰፈር ውስጥ ብሎን ቤት አለው። ታላቅ ወንድሜ ኤልናታን አብሮት ይሠራ ነበር። እኔ ደግሞ ጓዳ ተቀምጬ ብሎንና ዳዶ በየመጠኑ እለያለሁ።

ባለፈው ዓመት ራጃ የሚባል የመንገድ ተቋራጭ መጣ። ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቁልቁለት፣ መታጠፊያው ላይ፣ የብረት መከላከያ ሊተክል ነው። የሚፈልገውን ብሎን ናሙና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መኪና ሲታከከው ይዞ እንዳይቀር አናቱ ድቡልቡል ነው። ዝናብ እንዳይበላው ዚንክ ውስጥ ተነክሯል። ጥንካሬውን የሚናገር ቁጥርም ተቀርጾበታል። እንደዚህ ያለ ብቻ ነው የምፈልገው አለ።

አባዬ ከተማውን ዞሮ ዕቃውን አመጣ። ኤልናታን አንዱን ካርቶን ከፍቶ እያገላበጠ ያይ ጀመር። እሱ በሁሉም ነገር መከራከር ይወዳል። ያለውን ከጓዳ አልሰማሁትም፤ የአባዬን ቁጣ ግን ሰማሁ።

"ብሎን መምረጥ ልታስተምረኝ ነው? አንተ ሳትወለድ እኮ ነው የጀመርኩት።"

ራጃ ካርቶኖቹን ሳይከፍት አስጫነ። ከሙዜ ባንታየሁ የወሰድኩትን ፈትሼ አላውቅም እያለ ይስቅ ነበር፤ ሙዜ እዚህ አገር የታላቅ ሰው መጠሪያ ነው። ኤልናታን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬን አኮረፈ።

ዝናቡ ሲገባ ሰው የጫነ አንድ ማታቱ፣ የታክሲ ሚኒባስ፣ መታጠፊያው ላይ መከላከያውን ጥሶ ገደል ገባ። ሰዎች ሞቱ። ሬዲዮው አሮጌ ብረት የሚሸጡ ሌቦች የመንገድ ብሎን እየፈቱ ሰው አስጨረሱ አለ። አባዬ እየሰማ ቆየና ተነስቶ ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ኤልናታን ሌላ ሰው ሆነ። ስልኩን ሸጠ። ምሳ መብላት ተወ። ከሥራ ቀደም ብሎ ይወጣል፣ ጫማው ጭቃ ሆኖ ይመለሳል። እማዬ ቁማር ጀምሮ ነው ብላ አለቀሰች። የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ዘገዬም ሌላ ብሎን ቤት ሲገባና ሲወጣ እንዳዩት ለአባዬ ነገሩት።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የቦዳቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ነጂዎች ኤልናታንን እዚያው መታጠፊያ ላይ መፍቻ ይዞ አገኙት። አጠገቡ ብሎን የሞላበት ጆንያ አለ። በእነሱ ቋንቋ ምዊዚ፣ ሌባ፣ እያሉ በድንጋይና በሞተር ሰንሰለት ደበደቡት። ፖሊስ ባይደርስ ኖሮ አንገቱ ላይ ጎማ አጥልቀው ያቃጥሉት ነበር።

ጣቢያ ስንደርስ ፖሊሱ ጆንያውን በእግሩ ገፋ አደረገልን።

"ሙዜ፣ ልጅህ የሸጥከውን መልሶ ሊሸጥልህ ነው እንዴ?" አለና ከጓደኞቹ ጋር ሳቀ።

አባዬ ጆንያውን ፈታ። አንድ የዛገ ብሎን አንስቶ አናቱን አየ። መልሶ ከተተውና አጥብቆ አሰረው። "ከእኔ ሱቅ የወጣ ነው" ብቻ አለ።

ኤልናታን በዋስ ወጣ። ራጃ ለአባዬ ሲል ነገሩን ሊተወው ፈቃደኛ ነበር፤ አባዬ ደውሎ ይቅርታ ከጠየቀለትና ኃላፊነቱን ከወሰደ። አባዬ ግን አልደውልም አለ። ልጁ ከታሰረ የስደተኛ ወረቀቱም አደጋ ላይ ነው። እማዬ እንቅልፍ አጣች። ጊጊሪ ሰፈር የምትሠራበት ቤት ሰሃን እያጠበች መሬት ላይ ተዘርግታ ወደቀች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። እኔ በሩ ሥር ቆምኩ። አቶ ዘገዬ ኤልናታንን መሐል አስቀመጡት። ከንፈሩ አብጦ ነበር።

"ልጄ፣ አጥፍቻለሁ በልና የአባትህን ጉልበት ሳም። ነገሩ እዚሁ ያልቃል። አለዚያ ነገ ፍርድ ቤት ነህ።"

ኤልናታን ከተቀመጠበት አልተነሳም።

"ለማን ሸጥከው?" አሉት አቶ ዘገዬ።

"አልሸጥኩም።"

"ታዲያ ለምን ፈታኸው? ያን ሁሉ ሰው የበላ ቦታ እኮ ነው።"

ኤልናታን ቀና ብሎ አባዬን አየ።

"አባዬ፣ ተናገር ካልከኝ እናገራለሁ።"

ሁሉም ወደ አባዬ ዞሩ። አባዬ ምንጣፉን ነበር የሚያየው።

"ምንም አትናገር" አለ።

እማዬ እግሩ ላይ ወደቀች። "ባንታየሁ፣ በወላዲተ አምላክ፣ አንድ ስልክ ብቻ ደውልለት" አለችው። እግሩን ከእጇ አላቅቆ ወደ መኝታ ቤት ገባ። አቶ ዘገዬ ሲወጡ፣ ይህ ልጅ አባቱን አልሰማህም እስኪለው ድረስ አዋረደው፤ ጉልበት መሳም ምን ይከብዳል፣ እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኩራት ነው አለ። ሌላው፣ ሌብነት ዓይን አውጣ ያደርጋል አለ።

ሰኞ ዕለት ዳኛዋ ኤልናታንን ጥፋቱን ታምናለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። አምናለሁ አለ። ማስረጃ ያየም ምስክር የጠራም ሰው አልነበረም። ራጃ በጎደለው ቦታ በሳምንቱ መጨረሻ ሌላ አስገባለሁ አለ። ኤልናታንን በካቴና ወሰዱት። እማዬ መኪናውን እየተከተለች ሮጠች።

አባዬ ሱቁን ሊከፍት ሄደ። እኔ በዚያው ቀን ለማንም ሳልናገር ማታቱ ተሳፈርኩ። ወንድሜ የሠራውን በዓይኔ አይቼ ልጠላው ነበር የፈለግኩት፤ ከጠላሁት እንቅልፍ የሚወስደኝ መስሎኝ። መታጠፊያው ላይ ወርጄ በመከላከያው ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩ፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጄ እየዳሰስኩ። መኪኖቹ ከጀርባዬ ይከንፋሉ። ያየሁትን ለእማዬም፣ ለአቶ ዘገዬም፣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የጎደለ አንድም ብሎን አልነበረም፤ ሁሉም አዲስ ነበሩ፣ ራጃ ባሳየው ናሙና ላይ ያለው ቁጥር የተቀረጸባቸው።