ጉም አይታ የማታውቅ ልጅ

«ሃያ ሁለት!» አለች መምህርት የሺአረግ። እንደገና ቆጠረች። አሁንም ሃያ ሁለት። ከጋምቤላ ስንነሣ ግን ልጆቹ ሃያ ሦስት ነበሩ።

ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ፣ ሳሩን እየላሰ ሲመጣ፣ ዐይናችን እያየ ፏፏቴውን ዋጠው። ልጆቹ ተንጫጩ። ቆላ ተወልደው ቆላ ያደጉ ናቸው፤ ይኼን ከየት ያውቁታል? ክልል ከሆንን ገና ሁለት ዓመታችን ነው፤ ትምህርት ቤቱም ልጆቹን ደጋ አውጥቶ ሲያስጎበኝ ይኼ የመጀመሪያው ነው። «ያገሬን ፏፏቴ ላሳያቸው» ብዬ የጎተጎትኩት እኔው ዘበኛው ነኝ።

«ጋሽ ይግዛው፣ ኛዴንግ የለችም!» አለችኝ መምህርቷ ወደ እኔ ዞራ።

«‹እሳት!› ብላ ሮጠች» አለ ቾል፣ የክፍል ጓደኛዋ። «እኔ ደግሞ ሳቅኩባት።»

ክው አልኩ። የኛዴንግ ሰፈር አምና ነዷል። የቆላ ሰው ጭስ ሲያይ ወዴት እንደሚሸሽ፣ ሃያ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ አውቃለሁ፤ ሳር ወደሌለበት ነው። እዚህ ደግሞ ሳር የሌለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ራቁቱን የቀረ አለት።

በጉሙ ውስጥ እየዳበስኩ ወረድኩ። አገኘኋት። እርጥቡ አለት ላይ፣ ጉሙ በሳሳበት፣ ጀርባዋን ለገደሉ ሰጥታ ወደ እኔ ታያለች። ከኋላዋ ሁለት እርምጃ አልፎ የውሃው ጩኸት ብቻ ነው።

«ኛዴንግ፣ የኔ እናት፣ ነይ።»

«እምቢ! አባባ፣ አንተ ና! ትቃጠላለህ!»

አንድ እርምጃ ጠጋ አልኩ። አንድ እርምጃ አፈገፈገች። ከዚህ ወዲያ የቀራት አንድ እርምጃ ቢሆን ነው። አያችሁ፣ ለእሷ እኔ እሳቱ ውስጥ ነኝ፤ እሳት ውስጥ ቆሜ ነው ነይ የምላት።

«እሳት አይደለም፣ ልጄ፤ ውሃ ነው። ይኸው፣ እየተነፈስኩት ነው። ጭስ ቢሆን አያስለኝም?»

አፌን ከፍቼ ሳብኩት። ብርዱ ደረቴ ድረስ ገባ። ወዲያው ጉሮሮዬን ከረከረኝ። እባክህ አምላኬ፣ ሳሉን ትንሽ አቆይልኝ! ጥርሴን ነከስኩ፤ ዐይኔ እንባ ሞላ። እሷ ዐይኗን አፌ ላይ ተክላ ትጠብቃለች።

አልቻልኩም። ሳልኩ። ጉልበቴን ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ሳልኩ። በቃ፣ በገዛ እጄ ገደል ከተትኳት አልኩ በልቤ። ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ።

የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። ወደ እኔ ነው። የሹራቧን እጅጌ አፍንጫዋ ላይ ጭና፣ ዐይኗን ጨፍና ጉሙ ውስጥ ገባች። ክንዴን በሁለት እጇ ጨምድዳ ወደ አለቱ ትስበኝ ጀመር።

«ተነሣ! አባባ፣ ተነሣ!»

ወገቧን አቅፌ እርጥቡ ሳር ላይ ቁጭ አልኩ። ያለኝን ክብደት ሁሉ መሬት ላይ ጣልኩት። እሷ እያለቀሰች፣ ከእሳቱ ልታወጣኝ አሁንም ትጎትተኛለች።