ገና ነው

«ንቀይው አልኩሽ» አለ አባቴ።

እጄን የማሽኑ ሶኬት ላይ አድርጌ ቆምኩ፤ አልነቀልኩም። የኦክስጅን ማሽኑ ከአልጋው አጠገብ ያጉረመርማል፤ ከእሱ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ የአባቴ አፍንጫ ድረስ ይሄዳል። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ውጭው ግን ጠቁሮ የግቢው በር እንኳ በቅጡ አይታይም።

«አባዬ፣ የኤሌክትሪክ መከላከያ ገዝቼለት የለም እንዴ? ችግር ሲመጣ ራሱ ይቆርጣል።»

«እሱ መብራት ሲዋዥቅ ነው። መብረቅ ያን ሁሉ ሰማይ አቋርጦ መጥቶ፣ ሳሙና በምታክል ነገር ሊቆም?» ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ። «ሠላሳ ዓመት የመብራት ምሰሶ ላይ ስወጣ የኖርኩት እኔ ነኝ አንቺ?»

የፊተኛው ማሽናችን ባለፈው ክረምት በአንድ ብልጭታ አርሯል። ይኼኛውን ሆስፒታሉ ያዋሰን ከአራት ወር ደጅ ጥናት በኋላ ነው። ነርሷም ስታስረክበኝ፣ «ሌላ የለንም፣ እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂው» ብላኛለች። ከተነቀለ ደግሞ ያለችን ትንሿ የኦክስጅን ሲሊንደር ናት። እሷም ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው የምታቆየው።

ብልጭ አለ። አባቴ መቁጠር ጀመረ። ስምንት ብሎ ሳይጨርስ ነጎድጓዱ ደረሰ።

«እየቀረበ ነው። ራሳችን ላይ ከመጣ በኋላ ሶኬት አይነካም። አሁን!»

ነቀልኩት። ቱቦውን ወደ ሲሊንደሩ አዛወርኩና ከፈትኩለት። ከዚያ ቴሌቪዥኑን፣ ፍሪጁን፣ የአንቴናውን ገመድ ሳይቀር መዘዝኩ።

ቁጭ ከማለቴ ክፍሉ በሙሉ ነጭ ሆነ። ድምፁ ከብርሃኑ ጋር እኩል መጣ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ መብራት ድርግም አለ።

አባቴ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። «ዘንድሮስ አላገኘኸንም!» አለው።

ከጎረቤት የልብስ ሰፊዋ ጩኸት ተሰማ። «ኧረ ቴሌቪዥኔ ጨሰ!»

አባቴ በክርኑ ተደግፎ ወደ መስኮቱ ዞረ። «የስፌት መኪናሽን ንቀይ! ሁላችሁም ንቀሉ! መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ይብሳል!»

«አባዬ፣ ትንፋሽህን!»

«ትንፋሹ የኔ ነው» አለኝ።

ዝናቡ ጋብ ሲል የሲሊንደሩ ጠቋሚ ቀዩ ላይ ደርሶ ነበር። የአባቴ ከንፈር ጠቁሯል። ያኔ ነው አምፖሉ የበራው። ዘልዬ ሶኬቱን አነሳሁ፤ እሱ ግን ራስጌው ላይ ያለውን የሶኬት ማከፋፈያ በመዳፉ ከድኖታል።

«ገና ነው።»

«አልቋል እኮ! መሞት ነው የምትፈልገው?»

«መኖር!» አለ፤ ቃሏ ያለ የሌለ አቅሙን ወሰደችበት። «መብራት ሲመለስ… እንደ ተፈታ ኮርማ ነው። መጀመሪያ… በር ላይ የቆመውን ይወጋል።»

እጁን ልፈለቅቅ ያዝኩት። አጥንት ብቻ የቀረው እጅ ንቅንቅ አላለም። አምፖሉ ቦግ አለ፣ ዓይን እስኪወጋ ነጣ፣ እዝዝ አለ። ከግቢው ማዶ አንድ ነገር ጧ ሲል ሰማን፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታ መጣ። እጁን ለቀቅኩት።

ብርሃኑ ቀስ በቀስ ወደ ቢጫነቱ ተመለሰና ረጋ። አባቴ ዓይኑን ከአምፖሉ ሳይነቅል ቆየ። እኔ የሱን ደረት ነበር የማየው።

«አሁን» አለና መዳፉን አነሳ።

ሰካሁ። ማሽኑ አጉረመረመ። አባቴ ሁለት ሦስቴ ሳበ፤ ከንፈሩ ገና መልኩ ሳይመለስ እጁን በመስኮት አወጣ። ቀና ብዬ ሳይ ልብስ ሰፊዋና ሌሎቹ ጎረቤቶች በየበራቸው ምልክቱን እየጠበቁ ወደኛ መስኮት እያዩ ቆመዋል።

እጁን ዝቅ አደረገው።

ሁሉም ወደየቤታቸው ገቡ። አንድ ፍሪጅ ማንኮራፋት ጀመረ፤ ቀጥሎ ሌላ። ሬዲዮ ዜናውን ከመሃል ቀጠለ። በመጨረሻ ከጎረቤት የስፌት መኪናው ጠቅ፣ ጠቅ አለና፣ በካፊያው ውስጥ ሽምጥ ጋለበ።