እንገር

ጡት ማጥባትን የምታስተምረው ነርስ ገና ከበሩ ስትገባ፣ አማትየው ሎሚ እንደነከሰ ሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። አሁን የወለደችውን ምራታቸውን ጡት ይዘው፣ ቢጫውን እንገር ሳህን ላይ እያለቡ ነበር። ሊደፉት ነው።

«እማማ፣ ይተዉት! የሕፃኑ እኮ ነው!»

«ይሄ መግል ለልጅ? ዞር በይልኝ! እኔ ቅቤ ነው የማቀምሰው።»

«ቅቤውን ፀጉርዎን ይቀቡት።»

ምራቲቱ ሳቋን በአንሶላ አፈነች። አማትየው ቱግ አሉ።

«አንቺ ደግሞ፣ ወልደሽ የማታውቂ፣ እኔን ልታስተምሪ! ስምንት ወልጃለሁ። የአንዳቸውንም አፍ እንገር ነክቶት አያውቅም!»

«ስንቱ አደገልዎት?» አለች ነርሷ፣ እልህ ይዟት።

«ሦስቱ።»

«አዩ! እንገር እኮ ለሕፃን የመጀመሪያ ክትባቱ ነው፤ ከበሽታ የሚጠብቀው እሱ ነው። እርስዎ ደፉባቸው!»

ነርሷ መልስ ሳትጠብቅ ሕፃኑን አንስታ የእናቱን ጡት አጎረሰችው። ወዲያው ይስብ ጀመር። አማትየው ሲውጥ ቆመው አዩት፤ አዩትና ድምፃቸው እንደ ልጅ ቀጠነ።

«ሲስተር፣ እባክሽ ውሸቴን ነው በይኝ። አምስቱን የገደልኳቸው እኔ ነኝ እንዴ?»