የእናቲቱ ጩኸት

ለመጀመሪያው የሙከራ ዕይታ አርባ ሰው ተጋብዞ ገባ። ፊልሙ ለአዋቂ ብቻ የተሠራ የኒንጃ አኒሜ፣ የጃፓን የካርቱን ፊልም ነው፤ እጅ ይቆረጣል፣ አንገት ይቀላል፣ ደሙ እንደተሰበረ ቧንቧ ይፈናጠራል። ተመልካቹ ግን አልከፋውም። ከፊት የተቀመጠ አንድ ወፍራም ሰውዬ አንገት በተቀላ ቁጥር «እሰይ!» ይላል። ከኋላ ያሉት ሴቶች ዓይናቸውን ሸፍነው በጣቶቻቸው መሃል ያያሉ።

ከዚያ ዋናው ቦታ ደረሰ። ኒንጃው ሕፃኑን እናቱ ፊት በሰይፍ ገደለው። እናቲቱ ጮኸች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ኧረ አይጥ አይታ ነው!» አለ ወፍራሙ ሰውዬ።

የእናቲቱን ድምፅ የሠራችው ተዋናይት መጨረሻው ረድፍ ላይ ከባሏ ጋር ተቀምጣ ነበር። ባሏ ፊልሙን ወደ አገሩ ቋንቋ በሚመልሰው ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ቀጂ ነው። ሲወጡ ወፍራሙ ሰውዬ ደረጃው ላይ ቆሞ ጩኸቷን እያስመሰለ ጓደኞቹን ያስቃል። አጠገቡ ስታልፍ ማን እንደሆነች አላወቀም።

የስቱዲዮው ዳይሬክተር ባልና ሚስቱን ቢሮዋ ጠራቻቸው። ነገር አታለሳልስም።

«እህቴ፣ ልጇ የሞተባት ሴት እንዲህ አትጮህም።»

«አንድ ዕድል ስጪኝ» አለች ተዋናይቷ።

«እስከ ሐሙስ። ካልሆነ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

ተዋናይቷ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሳሙና ማስታወቂያ ስታነብ የኖረች ናት። ስሟ በትልቅ ፊልም ላይ ሊወጣ ሲል ይኸው ሊቀር ነው። ወደ ቤት ሲሄዱ ከባሏ ቀድማ ትራመዳለች።

«አይዞሽ፣ የኔ ቆንጆ» አላት ባሏ። «መቅጃውን ቤት አመጣዋለሁ። እስኪዋጣልሽ እንሞክራለን።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አዲሱ ጩኸት ከቤታቸው ተልኮ ዳይሬክተሯ ስልክ ላይ ደረሰ። አንድ ጊዜ ሰማችው። ሁለተኛ ልትከፍተው እጇን ሰደደችና ተወችው።

ሐሙስ ጠዋት ድምፅ ቀጂው የአምስት ዓመት ሴት ልጁን አዝሎ ሥራ ገባ። ዓይኖቹ አብጠዋል፤ ድምፁ ተዘግቷል።

«ጉንፋን ነው» አለ።

ልጅቷን አጠገቡ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ውሃ ልትጠጣ ስትነሳ እንኳ ተከትሏት ይነሳል። ጩኸቱን ከፊልሙ ጋር ሲያገጣጥም ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ደፋው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የድምፁን መስመር በዓይኑ እያየ ብቻ ጨረሰ። ዳይሬክተሯ ከበሩ ሆና ይህን አየች።

ሁለተኛው ዕይታ ዓርብ ረፋድ ላይ ነበር። ወፍራሙ ሰውዬ ለሳቅ ተዘጋጅቶ፣ ተጨማሪ ጓደኞች አስከትሎ መጣ። ያ ቦታ ሲቃረብ ጎረቤቱን በክርኑ ጎሰም አደረገው። ኒንጃው ሰይፉን አነሳ። እናቲቱ ጮኸች።

ማንም አልሳቀም። ወፍራሙ ሰውዬ አፉን በመዳፉ ከደነ። አንዲት ነፍሰ ጡር ተነሥታ ወንበር እየተደገፈች ወጣች። መብራት በርቶ እንኳ ሰዉ ቶሎ አልተነሣም።

በአስተያየት ወረቀቱ ላይ ወፍራሙ ሰውዬ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ይቺን ሴትዮ ምን አድርጋችኋት ነው?»

ዳይሬክተሯ ወረቀቱን ይዛ ወደ ድምፅ ክፍል ወረደች።

«ሚስትህ የራሷን ሥራ ለማየት ለምን አልመጣችም?»

«አትምጪ ስላልኳት።»

«ምን አድርገሃት ነው እንዲያ የጮኸችው?»

አጠገቡ የተቀመጠች ልጁን ፀጉሯን ዳበሰ።

«መታሃት?»

ራሱን ነቀነቀ፤ አይደለም ለማለት።

«ልጅቷንስ ከእናቷ ለምን ለየሃት?»

«ከእሷ ጋር ብቻዋን አልተዋትም» አለ በዚያ በተዘጋ ድምፁ። ልጅቷን ወደ ደረቱ አስጠጋት።

ዳይሬክተሯ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። ጥበቃዎቹን ጠራች። ሁለት ሆነው እጁን ወደ ኋላ ጠምዝዘው ያዙት፤ እሷ ልጅቷን ከእቅፉ ነጠቀች። «ልጄን!» ሊል አፉን ከፈተ፤ ፉጨት የመሰለ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ሠራተኛው ሁሉ ኮሪደሩን ሞልቶ ያያል።

«ሚስት ደብዳቢ!» አለችና ጸሐፊዋ ጫማው ላይ ተፋችበት።

ሰውዬው በጉልበቱ ወደቀ። ከወደቀበት ጎትተው አወጡትና የግቢውን በር ዘጉበት። ልጅቷ «አባዬ! አባዬ!» እያለች በዳይሬክተሯ መኪና ሄደች።

ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን የከፈተችው ተዋናይቷ ራሷ ነች። ዳይሬክተሯ ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ፊቷ ላይ ጭረት የለም፣ እጇ ላይ ሰምበር የለም። የጥፍር ቀለሟ ገና አልደረቀም።

«ሂጂ ክፍልሽ ግቢ» አለቻት ልጇን፣ ሳታያት። ከዚያ የዳይሬክተሯን ክንድ ያዘች። «ሰዎቹ ምን አሉ? አለቀሱ?»

«አንዷ መቀመጥ አቅቷት ወጣች። የሳቀ የለም።»

ተዋናይቷ ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ተነፈሰች። «ያ ወፍራሙስ?»

«እሱም።»

ዳይሬክተሯ በሩን ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ እህቴ። አሁን ብቻችንን ነን። አባርሬዋለሁ፤ ከእንግዲህ አይነካሽም። ምን ቢያደርግሽ ነው እንደዚያ የጮህሽው?»

«እኔ?» አለች ተዋናይቷ፣ እርጥብ ጥፍሮቿን እፍ እያለች። «እኔማ መቅጃውን ከፍቼ ልጃችንን መኪና ገጭቶ ገደላት አልኩት፤ የጮኸው እሱ ነው፣ ድምፁን ትንሽ አቀጠንኩት እንጂ።»