ሥጋ የማይበላው ተከራይ

በሕንዷ ፑኔ ከተማ ለሦስተኛ ዲግሪ የሚማረው ልጅ «ለውጭ አገር ሰው አናከራይም» እየተባለ ከዘጠኝ በር ተመልሷል። ዐሥረኛዋ አከራይ፣ ሂንዱ ባልቴት፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ሥጋ ትበላለህ?»

ዕለቱ የዐቢይ ጾም ሁለተኛው ሰኞ ነበር። «አልበላም» አላቸው፤ እውነቱን ነው። «ሥጋ የሚበላ ሰው እዚህ ቤት አያድርም» የሚል ውልም ፈረመ።

ወተት እንኳ እንደማይቀምስ ሲያዩ ለጎረቤቱ ሁሉ «የእኔ መናኝ» እያሉ ያወሩለት ጀመር። እሱ ግን በመረቁት ቁጥር ይሸማቀቃል። ፋሲካ ሲቃረብማ ክፍሉ ጭራሽ ጠበበው፤ ከዚህ ቢወጣ የሚገባበት የለውም።

የፋሲካ ጠዋት ጓደኛው ደወለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዶሮው ቀዘቀዘ እኮ!»

በልቶ ቢመለስ በምን ዓይኑ ያያቸዋል? ሻንጣውን ሸክፎ እውነቱን ሊነግራቸው ወረደ።

«እናቴ፣ እኔ እኮ...»

«ጾምህን ፈታህ አይደል? ከአንተ በፊት የነበረውም ያገርህ ልጅ ነው» አሉና ሻንጣውን ከእጁ ተቀበሉት። «ሂድ፣ እዚያው ብላና ታጥበህ ግባ። ኀምሳው ቀን ሲያልቅ ግን፣ ረቡዕና ዓርብ ከእኔ ጋር ትበላለህ።»